እናቴ በአራት ትራስ ተደግፋ ነው የምታድረው፤ እጥበት ላይ ሆኖ ልብ ሲደክም ምን አደረጋችሁ?

የበኩር ልጅ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ስኳርና ግፊት ከያዛት ቆይቷል። የኩላሊት እጥበት ከጀመረች 8 ወር ሆናት። የምትታጠበው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። ሦስተኛ ቀን ለመጨመር አቅማችን አልፈቀደም።

ከሁለት ወር ወዲህ ማታ ጋደም ስትል ያፍናታል። መጀመሪያ አንድ ትራስ ጨመርንላት። ከዚያ ሁለት። አሁን በአራት ትራስ ተደግፋ፣ ቁጭ እንዳለች ነው የሚነጋላት። ደረቅ ሳልም አላት። ብርድ መስሎን ዝንጅብል በማር አፈላንላት፣ የሳል ሽሮፕ ገዛን። ባለፈው ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከንፈሯ ጠቆረ። አረፋ ያለው አክታ ማውጣት ጀመረች። ድንገተኛ ክፍል አደረስናት። ሳንባዋ ውኃ ሞልቷል አሉን። ኦክስጅን ሰክተው በአስቸኳይ አጠቧት። 3 ኪሎ ተኩል ሳቡላት። ሲነጋ ሰው መሰለች።

እዚያው እያለች ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሳች። ልቧ የሚረጨው 35 ከመቶ ብቻ ነው ተባለ። ታናሽ ወንድሜ ኩላሊቱን ሊሰጣት ምርመራ ጀምሮ ነበር። አሁን "በዚህ ልብ ንቅለ ተከላ አይታሰብም" ተባልን። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ዝም ብላለች።

የምትወስደው የግፊት መድኃኒት 4 ዓይነት ነው፤ ግፊቷ ግን ከ170 አይወርድም። የምትመገበው ሽሮ፣ ምስር፣ አንዳንዴ ሾርባ ነው። ለኩላሊት ውኃ ጥሩ ነው ስለሚሉን በቀን ወደ 2 ሊትር እናጠጣታለን። ጸበልም ትጠጣለች። የልብ በሽታ ከየት መጣባት? እንዲህ የገጠማችሁ ካላችሁ ምን አደረጋችሁ?

ስድስት ዓመት ታጣቢ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ በቀን ምን ያህል ይሸናሉ?

የበኩር ልጅ

በጣም ቀንሷል። ጠዋት ትንሽ፣ ማታ ትንሽ። ከአንድ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥ።

ስድስት ዓመት ታጣቢ

እንግዲያው ዛሬውኑ ውኃውን ቀንሺ። 2 ሊትር ጠጥተው አንድ ብርጭቆ ከሸኑ የቀረው የት ይሄዳል? እግር ውስጥ፣ ሆድ ውስጥ፣ ሳንባ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እኔም ስጀምር ሰው ሁሉ "ውኃ ጠጣ፣ ኩላሊትህ ይታጠባል" ይለኝ ነበር። ጎረቤት ሲጠይቀኝ እንኳ ሃይላንድ ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ገብቼ ነው የባነንኩት። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ሚዛኑ ላይ ቁጭ ይላል።

ጠጠር የነበረበት

ይቅርታ ግን ይሄ ምክር አደገኛ ነው። እኔ የኩላሊት ጠጠር ነበረብኝ። ሐኪሙ ራሱ በቀን 3 ሊትር ጠጣ ብሎ አዞኝ ነው የዳንኩት። ሕመምተኛን ውኃ መከልከል እንዴት ይሆናል?

የእጥበት ነርስ (ዳላስ)

ወንድሜ፣ ለአንተ የታዘዘው ልክ ነው። የአንተ ኩላሊት ውኃውን ያጣራል፣ ያስወጣል፤ ጠጠሩም ከሽንቱ ጋር ይወርዳል። የእሳቸው ኩላሊት ግን በሩን ዘግቷል። ስሙ አንድ ሆኖ ሕመሙ የተለያየ ነው። አገር ቤት ስደውል እጥበት ላይ ላለ ዘመድ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የጠጠር ምክር ነው። ይሄ ሁሌም ያሳስበኛል።

እህቴ፣ እጥበት ከመግባታቸው በፊትና ሲወጡ የተመዘኑትን ታውቂያለሽ? ደረቅ ክብደታቸው ስንት ነው የተባለው? ውኃ ሲጠፋ እንደ አዘቦቱ ክብደት የሚቆጠረው ማለቴ ነው።

የበኩር ልጅ

ደብተሯ ላይ አለ። ደረቅ ክብደት 60 ይላል። ስትገባ 64.5፣ 65 ትሆናለች። ስትወጣ 62 አካባቢ። 3 ኪሎ ነው የሚስቡላት። ከዚያ በላይ ሲስቡ ግፊቷ ይወርዳል፣ ባቷን ይጨመድዳታል፣ ትጮሃለች።

አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ክንዷ መንምኗል። ቀሚሶቿ ትከሻዋ ላይ አይቆሙም። ክብደቷ ግን ያው ነው። ይሄ ለምንድን ነው?

የእጥበት ነርስ (ዳላስ)

እዚህ እኛ ጋ ታካሚው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ይታጠባል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ መንግሥት ስለሚከፍል ነው። እንደዚያም ሆኖ ውኃ በፍጥነት እንዳይሳብ እንጠነቀቃለን። ብዙ ቦታ የሚሠራበት ልኬት በሰዓት፣ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ13 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ለ60 ኪሎ ሰው በሰዓት 780 ሚሊ ሊትር ነው፤ በ4 ሰዓት ከ3 ሊትር ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ የእናትሽ ነርሶች 3 ሊትር ላይ መቆማቸው ስንፍና አይደለም። ከዚያ ሲፈጥን ደም ሥር ውስጥ ያለው ይጎድላል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ልብም ለጊዜው ደም ያንሰዋል። እንዲህ በየሳምንቱ ሲደጋገም ልብን በራሱ ያደክማል።

ችግሩ 5 ይዘው ገብተው 3 ጥለው መውጣታቸው ነው። 2 ሊትር ሁልጊዜ ይዘው ይመለሳሉ። ያፈናቸው ቅዳሜ ሊነጋ ሲል መሆኑንም ልብ በዪ። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ 4 ቀን ነው። ረጅሙ ክፍተት መጨረሻ ላይ ማለት ነው። ሦስተኛ ቀን በየሳምንቱ ባይቻል እንኳ፣ ሰዓቱን ማስረዘም ወይም እነዚህ ሳምንታት ላይ ብቻ ተጨማሪ ቀን ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ።

ስለ ክንዳቸው የጠየቅሽው ትልቅ ነገር ነው። እሱን ሐኪም ቢመልሰው ይሻላል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም (ጎንደር)

እናትሽን በአካል ስላላየሁ መድኃኒት አላዝም። ጉዳዩን ግን ላስረዳሽ፤ ከሐኪሟ ጋር ስትነጋገሪ ይጠቅምሻል።

"የልብ በሽታ ከየት መጣባት?" ብለሻል። ከኩላሊቱ ጋር አብሮ ነው ያደገው። ኩላሊት ሲደክም ጨውን ማስወጣት ያቅተዋል። ጨው ያለበት ቦታ ውኃ ይከተላል። ደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይበዛል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ልብ ይህን ሁሉ እየገፋ ሲኖር ጡንቻው ይወፍራል። እንደ ቀን ሠራተኛ ክንድ ማለት ነው። የልብ ጡንቻ ሲወፍር ግን ይደርቃል፤ እንደ ልቡ ተለጥጦ ደም አይቀበልም። እጥበት ከሚጀምሩ ሰዎች አብዛኞቹ ላይ ይህ ውፍረት አስቀድሞ አለ። ጫናው ሲቀጥል ደግሞ ልቡ ይለጠጣል፣ የመግፋት አቅሙ ይቀንሳል። የደም ማነስ ካለም ይብስበታል። ሄሞግሎቢኗ ስንት እንደሆነ ጠይቂ።

ማታ የሚያፍናት ለምን መሰለሽ? ቀን ስትቀመጥ ፈሳሹ ወደ እግሯ ይወርዳል። ጋደም ስትል ተመልሶ ወደ ደረቷ ይመጣል። ልብ ያን መግፋት ሲያቅተው ሳንባ ውስጥ ይንጠባጠባል። ሳሉም ያ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ሳል የሳንባ ምች ወይም የቲቢ ምርመራ ሲያደርግ ይከርማል። እኔ ታካሚ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው "በስንት ትራስ ይተኛሉ?" ብዬ ነው።

የክንዷ ጉዳይ ቁልፉ ይመስለኛል። እናትሽ ከስታለች። ሥጋዋ ቀንሷል፤ የሥጋውን ቦታ ውኃ ያዘው። ሚዛኑ ይህን አይለይም። 60 የተባለው የዛሬ 8 ወር ደረቅ ክብደት ነው። ዛሬ እውነተኛው 57 ወይም 56 ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ 62 ሆና ስትወጣ የተሸከመችው 2 ሊትር ሳይሆን 5 እና 6 ሊትር ነው። አራት መድኃኒት ያልመለሰው ግፊት ይህን ያጠራጥራል። ደረቅ ክብደት አንዴ ተጽፎ የሚቀመጥ ቁጥር አይደለም። ሰው ሲከሳ ይወርዳል፤ ምግብ ሲስማማው ደግሞ ይጨምራል። እግር ሲጫኑት ይሰረጉድ እንደሆነ፣ የአንገት ደም ሥር፣ ቆማና ተቀምጣ ያላት ግፊት፣ የሳንባ አልትራሳውንድ፣ እነዚህ ሁሉ እየታዩ ነው የሚከለሰው። ሲወርድም በትንሽ በትንሽ ነው። በአንድ ጊዜ 5 ኪሎ ይሳብላት ማለት አይደለም።

አሁን ወደ 35 ልምጣ። መቶውን ሙሉ የሚረጭ ልብ የለም። ጤነኛ ልብ በአንድ ምት ከ55 እስከ 70 ከመቶ ገደማ ነው የሚረጨው። ስለዚህ 35 ዝቅተኛ ነው፤ ግን "65 ከመቶው ሞቷል" ማለት አይደለም። ሌላው፣ ኢኮው የተነሳው በስንት ኪሎ ውኃ ላይ ሆና ነው? ከነመታፈኗ፣ በድንገተኛ ክፍል ነው። ልብ ሲወጠር ክፍሎቹ ይሰፋሉ፣ ቫልቮቹ ያፈሳሉ፣ መለኪያው ይዛባል። ኢኮ መነሳት ያለበት ውኃው ወጥቶ፣ ደረቅ ክብደቷ ላይ ስትደርስ ነው። ያኔ የሚገኘው ቁጥር ነው ለውሳኔ የሚሆነው።

በንቅለ ተከላውም ተስፋ አትቁረጡ። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አለ። የልባቸው መርጨት ከ40 ከመቶ የማይበልጥ 103 ሰዎች ኩላሊት ተተከለላቸው። አማካዩ ከ32 አካባቢ ተነስቶ 52 ደረሰ። ለእናትሽ ዋስትና ነው አልልም። የልብ ደም ሥር ጠቦ ከሆነ ሌላ መንገድ ነው፤ ስኳር ስላለባትም መመርመር አለበት። ግን በአንድ ኢኮ በሩ አይዘጋም።

የበኩር ልጅ

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እያነበብኩ አለቀስኩ። "ከሳሽ" ስንላት "ሚዛኑ ያው ነው" እያልን ራሳችንን ስናጽናና ነበር። አስቸጋሪው ጸበሉ ነው። ጠዋት በባዶ ሆዷ አንድ ሊትር ትጠጣለች። ይህን እንዴት ብዬ ነው የምነግራት? እምነቷ ነው ያቆማት።

ዲያቆን (ደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ ይህን በመጠየቅሽ አትጨነቂ። እኔ በማገለግልበት ጸበል እንዲህ ያሉ እናቶች ይመጣሉ። እናትሽን ጸበል ተዪ አትበያት። ትጠመቅ፣ ትረጭ፣ ፊቷንና እግሯን ትዳበስበት። ለመጠጣት አንድ ጉንጭ በቂ ነው። በረከቱ በሊትር አይለካም። ይህን ከአንቺ ይልቅ ከንስሐ አባቷ ብትሰማ ይቀላታል። ሐኪሙ ያዘዘውን ልክ አስረድተሽ ንገሪያቸው። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ሱባኤ ገባሁ ብላ እጥበት እንዳታቋርጥ። አንድ ሳምንት ቆይተው ተዝለፍልፈው የመጡ አይቻለሁ።

ስድስት ዓመት ታጣቢ

አሁን ወደ ማጀት እንግባ። ጨዉ ካልቀነሰ ውኃ መቀነስ አይቻልም። ጥሙ ራሱ ከጨው ነው የሚመጣው። ሐኪሜ በቀን ከ5 ግራም፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ብሎኛል። ያውም ከሁሉም ምግብ ተደምሮ። "ወጥ ላይ ጨው አልጨምርም" ብዬ ነበር እኔ። ቆይቶ የገባኝ፣ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው አብሮ ይገባል። ሽሮውም እንደዚያው። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ለእኔ ለብቻ ያለ ጨው ታስፈጫለች። በነጭ ሽንኩርት፣ በኮረሪማ፣ በበሶብላ ነው የምታጣፍጠው። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት አፈር ነው የሚመስለው። ከዚያ ምላስ ይለምዳል። አሁን ሰው ቤት ስበላ ያቃጥለኛል።

የጨው ምትክ ተብሎ የሚሸጠውን እንዳትገዢ። ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ነው ያለበት። እኛን ልባችንን ሊያቆመው ይችላል።

ለውኃው፣ ዶክተሬ የሰጠኝ ልክ የትናንትናው ሽንቴ ላይ ግማሽ ሊትር ተጨምሮ ነው። የእናትሽን ልክ የራሷ ሐኪም ይንገራት። ጠዋት ልኬን ሃይላንድ ላይ ሞልቼ አስቀምጣለሁ። ሻይ ስጠጣ ያንኑ ያህል ከሃይላንዱ ደፍቼ እቀንሳለሁ። ሾርባ ከሆነም እንደዚያው። ቡናም ይቆጠራል። ሲኒዬን በመርፌ ሰፍሬ 70 ሚሊ ሊትር ሆኖ አገኘሁት፤ ከአቦል እስከ በረካ ከ200 ይበልጣል። አሁን አቦልን ብቻ ጠጥቼ ወሬውን እቀጥላለሁ። ጥም ሲበረታ አፌን ተጉመጥሙጬ እተፋለሁ፣ ወይም ትንሽ በረዶ እመጥጣለሁ።

የአዳማዋ

ባለቤቴ የዛሬ ሦስት ዓመት ቅዱስ ጳውሎስ ነው የተተከለለት። ሆስፒታሉ በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ብዙዎች ተሠርቶላቸዋል። የእሱም ልብ 40 ነው ተብሎ ወደ ኋላ መልሰውን ነበር። ከአራት ወር በኋላ ድጋሚ ኢኮ ተነስቶ አለፈ። በዚያ አራት ወር ያደረግነው ይኸው እናንተ የምትሉት ነው፤ ጨው፣ ውኃ፣ ሚዛን። ቤት ሚዛን ግዙ። ጠዋት ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት። እኛ ግድግዳ ላይ ነበር የምንጽፈው።

ጠጠር የነበረበት

ሁሉንም አነበብኩ። ስለ እናትሽ ሳላውቅ ስለተናገርኩ ይቅርታ እህቴ። አክስቴ እጥበት ላይ ናት። ትናንት ደውዬ ስንት ትሸኛለሽ ብዬ ጠየቅኋት። እሷንም ውኃ ጠጪ ስላት የከረምኩት እኔ ነኝ።

የበኩር ልጅ (ከ3 ሳምንት በኋላ)

ሐኪሟ ደብተሩን አየ። እግሯን ተጭኖ አየ፣ አንገቷን አየ። "60ው አሮጌ ነው" አለ። በየእጥበቱ 300፣ 400 ግራም እየወረደ እንዲሄድ ጻፈ። ለሁለት ሳምንት ሦስተኛ ቀን ጨመርን፤ ዘመድ አዋጥቶ ነው። ላሲክስ የሚባል የሚያሸና መድኃኒትም ጨመረላት፣ ሽንት እስካለ ድረስ ይረዳል ብሎ። ውኃዋ በቀን 750 ሚሊ ሊትር ሆነ። የንስሐ አባቷ ቤት ድረስ መጥተው ነገሯት። እጃቸውን ይዛ ብዙ አለቀሰች። አሁን ጠዋት አንድ ጉንጭ ብቻ ነው።

ቀላል አይደለም። ባለፈው እሑድ ልጄን ደብቃ ውኃ አስመጥታ ስትጠጣ አገኘኋት። ተቆጣኋት። ከዚያ ሳስበው እኔ ራሴ በቀን ምን ያህል እንደምጠጣ ትዝ አለኝና ወጥቼ አለቀስኩ።

የእጥበት ነርስ (ዳላስ)

አትቆጪ እህቴ። ሰው ነን። እሳቸውንም አትቆጫቸው። ስኳራቸው ከፍ ሲልም ጥም ይበረታል፤ እሱን አስለኪ። እንደዚያ በጠጡ ቀን ለነርሷ በግልጽ ንገሩ። መደበቁ ነው የሚጎዳው።

የበኩር ልጅ (ከ3 ወር በኋላ)

ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ ነው። የእናቴ ደረቅ ክብደት አሁን 55.5 ነው። ስትገባ ከ58 አትበልጥም። በሁለት ተኩል ሊትር ትጨርሳለች፤ ጡንቻዋን መጨመድድ ትቷታል። ከአራቱ የግፊት መድኃኒት ሁለቱን አቆሙላት፤ ግፊቷ 135፣ 140 ነው። ለልቧ ካርቬዲሎል ተጀምሮላታል። ባለፈው ረቡዕ፣ በታጠበች ማግስት፣ ኢኮ ተነሳች። 47 ሆነ። የልብ ሐኪሙ ወፍራሙ ጡንቻ እንዳለ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል አለን። ስለ ንቅለ ተከላው ወረቀቱን ይዘን እንድንመለስ ቀጠሮ ሰጡን። የልብ ደም ሥር ምርመራ ይቀራታል። ወንድሜ ዝግጁ ነው።

የምትተኛው በሁለት ትራስ ነው። አንዱንም ልማድ ሆኖባት ይመስለኛል።

አዲስ አባል (ሐዋሳ)

ሰላም፣ ዛሬ ነው የተቀላቀልኩት። አባቴ እጥበት ከጀመረ 5 ወር ሆነው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ማታ ማታ ያስለዋል። ብርድ ነው ብለው የሳል መድኃኒት ሰጡት፤ አልተሻለውም። ውኃ በደንብ እያጠጣነው ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የበኩር ልጅ

ወንድሜ፣ አባትህ በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?